ቡኒ ያረገዘች ጊዜ

ቡኒ አርግዛለች ብላ መጀመሪያ ያወጀችው አክስቴ ናት። አክስቴ የእማ ታላቅ እህት ናት። እሁድ እሁድ እየመጣች ልብስ ታጥባለች፣ ቤት ታስተካክላለች፣ በቤቱ ያለነውንም በየተራ ትቆጣለች። ያን ዕለት ውሻችን ቡኒ ከጓሮ ወደ ሳሎን ስትገባ አየቻትና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«እንዴ! የዚች ውሻ ሆድ መሬት ሊነካ ነው እኮ። ልትወልድ ነው እንዴ?»

እማ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ነበር። «ምን ትወልዳለች እትዬ፣ ሆዳም ሆና ነው» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ልጅ የሚሰማው የሚፈልገውን ነው። እኔም ከዚያ ሁሉ ንግግር መርጬ የሰማሁት «ልትወልድ ነው» የሚለውን ብቻ ነበር። አምስት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቡኒ አዋላጅ ሆንኩ።

ጠዋት ከአልጋዬ ስወርድ የምሮጠው ወደ እሷ ነው። ወጥ ቤቱ ጥግ፣ ከጋዝ ሲሊንደሩ አጠገብ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ ላይ ትተኛለች። ጆሮዬን ሆዷ ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ። አንዳንዴ ይንጎራጎራል፤ ቡችሎቹ የተጣሉ ይመስለኝና «ተው እንጂ፣ ለሁላችሁም ቦታ አለ» እላቸዋለሁ። ሆዷ ክብና ሙቅ ነበር። ቆዳዋ ከመሳሳቱ የተነሳ ሰማያዊ የደም ሥሮቿ ይታያሉ። ግራና ቀኝ ጎኗ ላይ ፀጉሯ ረግፏል፤ ለልጆቿ አልጋ ልታነጥፍበት ነቅላው ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ውሃ ስሰጣት ሳህኑን ልሳ ታደርቀውና እንደገና ዓይን ዓይኔን ታያለች። ለስንት ነፍስ ነው የምትጠጣው፣ ይፈረድባታል? ሌሊት ምንጣፉ ላይ ስትሸና አባ ይናደዳል፣ እኔ ደግሞ እሟገትላታለሁ።

ዛሬ እኔ ራሴ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። እንዲህ ያለች ውሻ በሬን አልፋ ስትገባ ገና ጠረጴዛው ላይ ሳትወጣ ምን እንደያዛት እጠረጥራለሁ። የተነፋ ሆድ፣ የሰለሉ እግሮች፣ የሳሳ ቆዳ፣ የማይቆርጥ ጥም። ያኔ ግን የማውቀው በሽታ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጉንፋን።

ቡችላውን የፈለግሁት እንዲሁ ለመጫወቻ አልነበረም። ቤታችን ዝም ያለ ቤት ነበር። አባ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው። በጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል፤ ጥፍሮቹ ሥር ሁልጊዜ ጥቁር ቀለም አለ። እህት ወንድም የለኝም። እማ ደግሞ ታማለች። ምን እንደያዛት የነገረኝ ሰው አልነበረም። የማውቀው ቀስ ብላ እንደምትራመድ፣ ጠዋት ጠዋት የእጇ ጣቶች አልታጠፍ እንደሚሏት፣ እኔ አጠገቧ ስሄድ ደግሞ ሰውነቷ ድንግጥ እንደሚል ነው። እቅፏ ውስጥ ልገባ ስል መጀመሪያ ፊቴን በደንብ ታየዋለች፤ አንድ ነገር የምትጠብቅ ይመስላል። እኔም ግራ ይገባኝና ወደ ቡኒ እመለሳለሁ። ቡኒ ስታየኝ የምትጠብቀው ነገር የለም፤ ጭራዋን ትቆላለች፣ በቃ።

ችግሩ ቡኒ የእማ መሆኗ ነው። ይህን ያወቅሁት ቁርስ ላይ ነው።

ጠዋት ጠዋት አባ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት እማ ፊት ይቆማል። ከጠርሙሱ ነጭ ክኒን አውጥቶ መዳፏ ላይ ያስቀምጣል፣ ውሃ ይቀዳላታል። እማ እጇን ወደ አፏ ታደርሳለች፣ ውሃውን ትጠጣለች። አባ ግንባሯን ይስማትና ጃኬቱን ለማንሳት ዞር ይላል። ያን ጊዜ የእማ እጅ ቁራሽ ዳቦ ይዞ ከጠረጴዛው በታች ይወርዳል። ቡኒም እኔም እዚያው ነን። ቡኒ ዳቦውን ከጣቶቿ መሃል በቀስታ ትቀበላታለች። ዳቦው ውስጥ ነጭ ነገር እንዳለ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከረሜላ ነበር የመሰለኝ።

አንድ ቀን ቡኒን ቀድሜ መዳፌን ዘረጋሁ። እማ የልጅ እጅ መሆኑን ስታውቅ እሳት እንደነካት ሁሉ እጇን ሰበሰበችና ጎንበስ ብላ አየችኝ። 

«ይሄ የቡኒ ነው! እንዳትነኪ! ሁለተኛ እንዳትነኪ፣ ሰማሽ?»

ሰማሁ። ለቡኒ በየቀኑ ከረሜላ አለ፣ ለኔ ግን የለም። ገብቼ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ስታለቅስ የሚሰማ ሰው ከሌለ ለቅሶ ቶሎ ያልቃል። እዚያው እንዳለሁ ወሰንኩ። ቡኒ የእማ ከሆነች ቡችላዋ የኔ ይሆናል፤ እኔም ዳቦ ውስጥ ከረሜላ አድርጌ እሰጠዋለሁ።

ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ቦታ የድሮ መደበቂያዬ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እማ ለብዙ ጊዜ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ያን ጊዜ አባ አንዲት እንግዳ ሴት ወደ ቤት አመጣ። ፊቷ እንደ ሙሉ ጨረቃ ክብ ነበር፣ ጉንጮቿ ቀልተዋል፣ ዓይኖቿ መሃል ገብተው ጠበዋል። የእማን ቀሚስ ለብሳ እጆቿን ዘረጋችልኝ። እኔም ጮኼ ሸሸሁና ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ገባሁ። ሴትዮዋ እኛ ቤት ሰነበተች፣ በእማ አልጋ ላይ ተኛች፣ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ስታለቅስ ሰማኋት። በኋላ እንዴት እንደሄደች አላስታውስም። ብቻ አንድ ጊዜ ላይ እማ ተመልሳ ነበር፣ ቀጭኗ እማ። እንግዳዋን ሴት የት አደረሳችኋት ብዬም አልጠየቅሁ፤ ባትመለስ ደስ ይለኝ ነበር።

ቡኒ ምንጣፉን ሦስተኛ ጊዜ ስታበላሸው የአባ ትዕግሥት አለቀ። ቅዳሜ ከሰዓት አንገቷ ላይ ገመድ አሰረና ወደ እንስሳት ሐኪሙ ይዟት ሄደ። እኔንም አስከተለኝ። ሐኪሙ ሸበቶ ሰው ናቸው፤ ለሰውም ለውሻም «ቀስ፣ ቀስ» ስለሚሉ የሰፈሩ ሰው «ዶክተር ቀስ» ነበር የሚላቸው። ክፍላቸው የአልኮልና የእርጥብ ፀጉር ሽታ አለው። ቡኒን ጠረጴዛው ላይ አወጧት፣ ሆዷን በሁለት እጃቸው ዳበሱት፣ ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁት።

«አንቺስ ምን አመጣሽ?» አሉኝ።

«ቡኒ ስትወልድ እኔ ነኝ የማዋልዳት።»

ሳቁ። «እኔው ራሴ ያመከንኳት ውሻ እንዴት ብላ ነው የምትወልደው?»

ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም፤ አባም ሊያስረዳኝ ፊት አልሰጠኝም። ዶክተሩ የፊት እግሯን ፀጉር ላጩና ደም ቀዱ። ከዚያ መርፌ ወጓት። ጥቂት ቆየት ካልን በኋላ እንደገና ደም ቀዱ። መርፌው ከኩላሊት በላይ ያለችውን ትንሽዬ እጢ «ተነሺ፣ ሥሪ» ብሎ የሚያዝ መርፌ ነው። ዛሬ እኔም እወጋዋለሁ። እጢዋ ታዛ ሆርሞኗን ታመርት እንደሆነ ሁለተኛው ደም ይናገራል።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ዶክተር ቀስ ወንበር ስበው ከአባ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ፎቶ ማንሻም አውጥተው ቡኒን በጎን በኩል አነሷት፤ ለተማሪዎቻቸው ሊያሳዩዋት ነበር።

«ነገሩ ገርሞኛል» አሉ። «ሰውነቷን ያየ ሰው በዚህ ሆርሞን ተጥለቅልቃለች ነው የሚለው። ደሟ ግን ምንም የለም ይላል። እጢዋን ቀስቅሰናት እንኳ አልነቃችም። ተኝታለች።»

«ተኝታለች ማለት?»

«ሌላ ሰው ሥራዋን ከሠራላት ለምን ትደክማለች? ከውጭ የሚገባላት ነገር አለ ማለት ነው። ቅባት ትቀቧታላችሁ? የጆሮ ጠብታስ? የማሳከክ መድኃኒት?»

«ኧረ ምንም!»

«ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ክኒን የሚወስድ ሰው አለ?»

የቡኒን ጆሮ ሲያሻሽ የነበረው የአባ እጅ ቀጥ አለ። «ባለቤቴ። ምናልባት ወድቆ አግኝታ ይሆናል…»

«ወድቆ ቢገኝ አንዴ ሁለቴ ነው። ይሄ የወራት ሥራ ነው። ሰው አለ የሚሰጣት፣ በየቀኑ።»

የማውቀው ጥያቄ በመምጣቱ ደስ አለኝ። «እማ ናት የምትሰጣት! ዳቦ ውስጥ ከረሜላ አድርጋ!»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። አባ ተነስቶ ወደ ግድግዳው ሄደና ጀርባውን ሰጠን። ዶክተር ቀስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለባለቤትዎ ሐኪም ዛሬውኑ ይንገሩ፣ አደራ። ውሻዋንም በአንድ ጊዜ እንዳታቋርጡባት። የራሷ እጢ ተኝታ ሳለ ክኒኑ ቢቀርባት ትወድቃለች፣ ልትሞትም ትችላለች። ግማሽ፣ ከዚያ ሩብ፣ ከዚያ ቀን እየዘለላችሁ። ቀስ በቀስ የተኛው ይነቃል።»

ሆዷ ውስጥ የተኛ ነገር አለ፣ ቀስ ብለን እንቀሰቅሰዋለን። ለኔ ከዚህ የበለጠ የምሥራች አልነበረም። መንገዱን ሁሉ እየዘለልኩ ተመለስኩ። 

እማ መኝታ ቤት አልጋው ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥፍ ነበር። አባ ገብቶ በሩን ገፋ አደረገው እንጂ አልዘጋውም። እኔና ቡኒ ኮሪደሩ ላይ ቀረን።

«ሐኪምሽ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ከፍ ሲያደርግ፣ ከፍ ሲያደርግ… አንቺ ለካ ለውሻ ነው የምትሰጪው!»

«ቆመህ እያየኸኝ የት ልጣለው?»

«ኩላሊትሽ እያለቀ ነው እኮ! ልትሞቺ ነው፣ ይገባሻል?»

«ብሞትም በገዛ ፊቴ ልሙት።»

«ለፊት ብለሽ? ለመልክ ብለሽ ነው ይሄን ሁሉ?»

«አንተን አልሸሸችህም» አለች እማ። ድምፅዋ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። «ምን አለብህ። እኔን ግን ሸሽታኛለች። ሁለተኛ ስትሸሸኝ ማየት አልችልም።»

ቡኒን አየኋት። ቡኒ እማን መቼ ሸሽታት ታውቃለች? አባም የተሸነፈ መሰለኝ፤ የታጠፈውን ልብስ እንደገና ማጠፍ ጀመረ።

ነገሩን ያስረዳችኝ አክስቴ ናት፣ እኔ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ። ልብስ እየተኮሰች ስለ እማ ሕመም ስናወራ በጨዋታ መሃል ያቺን እንግዳ ሴት አነሳሁባት። «እማ ሆስፒታል ሳለች እኛ ቤት ያደረችው ወፍራሟ ሴትዮ ማን ነበረች?» አልኳት። አክስቴ ካውያውን አቆመች።

«የምን ሴትዮ? እናትሽ ናት እንጂ። ክኒኑ ፊቷን አሳብጦት ነው የወጣችው። አንቺ 'ይቺ እማ አይደለችም፣ እማን አምጡልኝ' ብለሽ አገር ይያዝልኝ አልሽ። ሕፃን ነሽ፣ ማን ይፈርድብሻል? እሷ ግን ያን ዕለት የተሰበረችው መቼም አልተጠገነም። ክኒኑን ጥቂት በጥቂት እየቀነሰች ለውሻዋ መወርወር የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ፊቷ ሲመለስ አንቺም ተመለስሽላት። ከዚያ ማን ያስቁማት!»

ሲተኮስ የነበረው ሸሚዝ የአባ ነበር። አንስቼ ፊቴን ሸፈንኩበት። አክስቴ እንደ ልማዷ ልትቆጣኝ አፏን ከፈተችና ተወችው። እማ በየማለዳው የጤናዋን ክኒን በዳቦ ጠቅልላ የምትወረውረው እኔ እንዳልሸሻት ነበር፤ እኔ ደግሞ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ በውሻ እቀና ነበር።

ከዚያ በኋላ የቁርሱ ሥርዓት ተለወጠ። አባ ክኒን በቢላ ይቆርጣል። ሙሉው ለእማ፣ ቁራጩ ለቡኒ። እማ ከዋጠች በኋላ አፏን ትከፍታለች፣ አባ ያያል። የመጀመሪያው ቀን ይህን ሲያደርጉ ሁለቱም አፈሩ፤ አባ ጃኬቱን ሳይለብስ ወጣና ከመንገድ ተመለሰ። «ለኔስ?» ብዬ ብጠይቅ ጮኸብኝ። እሱ ጮኾብኝ አያውቅም ነበር።

ቁራጩ እያነሰ ሄደ። የቡኒ ጥም ቀነሰ፣ ጎኗ ላይ ለስላሳ ፀጉር አበቀለች፣ ሆዷም በየሳምንቱ ወደ ውስጥ ገባ። በየቀኑ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ፤ ማንም አይጣላም፣ ማንም አይንጎራጎርም። ብርድ ልብሱን አገላብጬ ፈለግሁ፣ ጓሮውን፣ የሶፋውን ሥር። ቡችሎቹ የሉም። ቡኒ የገዛ ጉዷ እንዳልሆነ ሁሉ ኳስ አምጥታ እግሬ ሥር ታስቀምጣለች። እኔ አንድም ቀን አልወረወርኩላትም፣ አኩርፌ ነበር።

በዚያው ሰሞን እማ ከቤቱ ጠፋች። ቤቱ ውስጥ ናት፣ ግን አትታይም። መኝታ ቤቷ ትበላለች። ብትወጣም ሻሿን እስከ ዓይኗ ድረስ ስባ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ነው። ድምፄን ስትሰማ በሩ ይዘጋል። አባ «እማ ትረፍ፣ ተያት» ይለኛል። ቡኒን አኩርፌ፣ እማ ተዘግታብኝ፣ ቀኑ አልመሽ አለኝ። ኮሪደሩ ላይ በጀርባዬ ተጋድሜ ጣሪያው ላይ ያለውን የውሃ እድፍ እያየሁ የምውልበት ጊዜ ነበር። እዚያ ማዶ፣ ከበሩ ወዲያ፣ እማም በጀርባዋ ተጋድማ ያንኑ ጣሪያ ታይ እንደነበር ማን ያውቃል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቡኒ መጣችና በሩን በአፍንጫዋ ገፋችው። ቀጥና ስለነበር ትንሿ ክፍተት በቃቻት። እኔም ተከትያት ገባሁ።

እማ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። የመስኮቱ ብርሃን ፊቷ ላይ ነበር። ሻሿን ለማንሳት እጇን ሰደደች፣ ግን ሻሹ ወለሉ ላይ ወድቋል፣ ቡኒም ተኝታበታለች። ስለዚህ በሁለት መዳፏ ፊቷን ሸፈነች። ከጣቶቿ መሃል ያበጠው ጉንጯ ይታያል።

ተጠጋሁና አየኋት። ክብና ሙቅ ይመስላል። ቆዳው ሳስቶ ትንንሽ የደም ሥሮች ይታዩበታል። እንግዳዋ ሴት ጭራሽ ትዝ አላለችኝም። ትዝ ያለችኝ ወራት ሙሉ ጆሮዬን ለጥፌ ያዳመጥኳት፣ በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጬ የምወዳት ፍጡር ናት።

«እማ፣ እንደ ቡኒ ሆንሽ እኮ!»

እጇ ከፊቷ ላይ ወረደ። «እንደ ማን?»

«እንደ ቡኒ። ቡችሎቹ ወደ አንቺ መጡ እንዴ?»

ፊቷ ያንን ሁልጊዜ የሚጠብቀውን ነገር ሲጠብቅ አየሁት። መዳፌን ጉንጯ ላይ አደረግሁ፣ እንደ ቡኒ ሆድ። ከዚያ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ።

«አትፈሪኝም?» አለች፣ ከጆሮዬ ሥር።

ጥያቄው ራሱ አስቆኝ ነበር። «ቡኒን እፈራለሁ እንዴ?»

እማ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ፣ ተመልሶ ሳቅ ሆነ፤ ጉንጯ ከጆሮዬ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ቡችሎቹ ነቁ ብዬ ጮህኩ።

በማግስቱ ክኒኑን መዳፏ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አፏን መክፈትም ቀረ። እማ ብዙ ዓመት ኖረችልኝ፣ በዚያው ክብ ፊቷ። መጠኑ ሲቀንስ ፊቷ ትንሽ ይቀንሳል፣ ሕመሙ ሲነሳ መልሶ ይሞላል። እኔ እማ የምላት እሷን ነው፤ ያሳደገችኝ፣ ትምህርት ቤት ያደረሰችኝ፣ ሐኪም ስሆን ከአክስቴ ጋር እልል ያለችው ያቺ ናት። ፎቶ መነሳትን ግን እንደጠላች ሞተች። ካሜራ ሲያዩ ጓዳ ከሚገቡ ሰዎች አንዷ ነበረች።

በቀብሯ ቀን አክስቴ ያሳተመችው ከመታመሟ በፊት የተነሳችውን ፎቶ ነው። ሰዉ ፎቶውን እያየ «ወይ ቁንጅና!» ይላል። እኔ ከፊት ቆሜ ያቺን ቀጭን ሴት አየኋት፣ አየኋት፤ ላለቅስላት አልቻልኩም። እንግዳ የሆነችብኝ እሷ ናት። የኔዋን እማ ፊት የያዘ ፎቶ በየአልበሙ ፈለግሁ። አንድም የለም።

ዶክተር ቀስ ጡረታ ሲወጡ መጽሐፎቻቸውን ለኔ ሰጡኝ። አንዱ ውስጥ ያ የቡኒ ፎቶ ነበር። በጎን ተነስታ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ደርሶ፣ ከጎኗ የልጅ እጅ ይታያል። ክሊኒኬ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ደንበኞቼ ለማስተማሪያ ይመስላቸዋል፤ እውነትም አንዳንዴ አስተምርበታለሁ። በሩ ተዘግቶ ብቻዬን ስቀር፣ እማ ስትናፍቀኝ፣ የማየው እሱን ነው።